ብሶታችን ለምን ረዳቱ ላይ ያርፋል?

ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶታል። ሰልፉ ረጅም ነው። ሰው ስልኩን እየነካካ ዝም ብሏል። ሚኒባሷ ስትመጣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከታሪፉ አስር ብር ጨምሮ ይጣራል። ያኔ ዝምታው ያበቃል። ከረቫት ያሰረው ሰውዬ "ዘራፊ ሁላ!" ብሎ ይጀምራል። ነጠላ የለበሱ እናት "ኧረ ሰው አታስመርር ልጄ" ይላሉ። ረዳቱም ዝም አይልም። "እማማ፣ ቤንዚን ስንት እንደገባ ያውቃሉ?" ይላል። ትንሽ ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ ሁሉም ይሳፈራል፤ ሁሉም ይከፍላል።

ከተጨቃጨቁት ሰዎች ውስጥ ዋጋውን የወሰነ አንድም የለም። ታሪፉን የሚያወጣው የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። የነዳጅ ዋጋ የሚታወጀው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 100 ብርን ሲሻገር ረዳቱን ያማከረው አልነበረም። የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ዶላርን ይከተላል። ሹፌሩ ለባለመኪናው በየቀኑ የሚያስገባው ገቢ አለበት። ረዳቱ ደግሞ ከተረፈው ላይ ነው የሚበላው። እርግጥ አጋጣሚውን ተጠቅሞ አምስት ብር ለራሱ የሚያደርግ አይጠፋም። ግን ያቺን አምስት ብር ብናስቀራት ኑሯችን አይቀየርም።

አገሬው እንዲህ ያለውን ነገር "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይለዋል። እኔ ግን ነገሩ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ሰው አህያው የት እንደቆመም አያውቅም። የመሃል አዲስ አበባን ሰው የሚያበሳጨው ገንዘብ ማነሱ ብቻ አይደለም። ኑሮውን የሚቀይሩት ውሳኔዎች ከማያገኘው ሰው ይመጣሉ። ሒሳቡን የሚጠይቁት ግን በየቀኑ የሚያያቸው ሰዎች ናቸው። ባለሱቁ፣ አከራዩ፣ ረዳቱ። ስለዚህ የሚጣላውም ከእነሱ ጋር ነው።

ትልቁን ውሳኔ እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዚያው ሰኞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ ሁላችንም አይ ኤም ኤፍ የምንለው፣ ለአራት ዓመት የሚለቀቅ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ።

ባለሙያዎቹ ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። ምክንያቱም ባዶ አልነበረም። በጥቁር ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። በ57 ብር ዶላር የሚያገኘው ባንክ ቤት ሰው ያለው ወይም ዕድለኛ ነው። ሌላው አስመጪ ከጎን ገዝቶ ዕቃውን በዚያው ሒሳብ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ "ገበያው ቀድሞውንም በጥቁሩ ዋጋ ነው የሚሸጠው፤ ብዙ አይጨምርም" ተባለ። ለስልክና ለልብስ ይህ በአብዛኛው እውነት ነው። ለመድኃኒት፣ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለምግብ ዘይት ግን አይሠራም። እነዚህ ቅድሚያ እየተሰጣቸው በባንኩ ዋጋ ነበር የሚገቡት። መንግሥት ለጊዜው እደጉማለሁ አለ። ድጎማውም ቀስ በቀስ እየተነሳ ሄደ። የመብራት ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወሰነ።

ለገሃር አካባቢ አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ከ20 ሊትር ጀሪካን ዘይት እየቀዳ በሃይላንድ ይሸጣል። ድሮ ሰው አንድ ሊትር ወይም ሁለት ሊትር ይል ነበር። አሁን ጥያቄው በብር ሆኗል። "የሰላሳ ብር ስጠኝ"፣ "የሃምሳ አድርግልኝ"። የዱቤ ደብተሩ በየገጹ ተሰርዟል፣ ተደልዟል። ይህ ሰው የገዛውን ዘይት ገና ሳይጨርስ ዋጋ ከጨመረ ደንበኞቹ ይቆጣሉ። "በድሮው ዋጋ ገዝተህ!" ይሉታል። ልክ ናቸው፣ በድሮው ዋጋ ነው የገዛው። ግን በድሮው ዋጋ ከሸጠ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ጀሪካን የሚገዛበት ገንዘብ አይኖረውም። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ ሱቁን ይዘጋል። የቸርቻሪ ሒሳብ የሚሠራው በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው።

ምንዛሪው በተለቀቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ "ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል" የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ዜና ላይ "ስግብግብ ነጋዴዎች" የሚለው አባባል ተመልሶ መጣ። በእርግጥ ዕቃ ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴ ነበር፣ አሁንም አለ። የሚገርመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የብር ዋጋ ከግማሽ በላይ እንዲወርድ በር የከፈተው አካል፣ ውጤቱ ሲታይ ጣቱን ባለሱቁ ላይ ቀሰረ። ታክሲ ውስጥ የምናደርገውን መንግሥትም በይፋ አደረገው ማለት ነው።

"ንረቱ ቀንሷል"

በቴሌቪዥን የዋጋ ንረት ቀነሰ ሲባል ቡና እየጠጣ የሚያይ ሰው ይስቃል። ወይ ይሳደባል። "የት አገር ነው የሚኖሩት?" የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። እዚህ ላይ ግን ለስታቲስቲክስ ሰዎቹ ልከራከርላቸው። ቁጥሩ ውሸት መሆን አያስፈልገውም። ቁጥሩና ሰውየው ስለ ተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት።

ንረት የሚለካው ዋጋ የሚጨምርበትን ፍጥነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ጥሩ ነው። አሁን እርሳስ ይዘን እንቁጠር። 100 ብር የነበረ ዕቃ በየዓመቱ 30 በመቶ ቢጨምር በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 220 ብር ገደማ ይሆናል። በአራተኛው ዓመት ንረቱ በግማሽ ቀንሶ 15 በመቶ ሆነ እንበል። ዕቃው 253 ብር ገባ። በመጀመሪያው ዓመት የተጨመረው 30 ብር ነበር። ንረቱ "በግማሽ በቀነሰበት" ዓመት የተጨመረው ደግሞ 33 ብር ነው። የባለሥልጣኑ ግራፍ ወደ ታች ይወርዳል። ገበያ የወጣችው ሴት ቦርሳ ግን ከመጀመሪያው ዓመት የበለጠ ይጎድላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ በግልጽ የሚነግረን ባለሥልጣን ብዙም አልሰማሁም። የሄደው ሄዷል። መፍትሔው ዋጋው እንዲመለስ መጠበቅ ሳይሆን ገቢ እንዲደርስበት ማድረግ ነው። ታዲያ ገቢው ምን ሆነ?

የደሞዝተኛው ነገር

ኢትዮጵያ ውስጥ ግብር የማያመልጠው ሰው ማነው ቢባል መልሱ ደሞዝተኛ ነው። ነጋዴ ይደራደራል። ያለ ደረሰኝ ይሸጣል። ሲጠነክርበት ሱቁን ይዘጋል። የደሞዝተኛው ግብር ግን ብሩን ገና ሳያየው ተቆርጦ ይቀራል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 35 በመቶ የሚባለውን ከፍተኛውን ግብር የጣለው በወር ከ10,900 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ነበር። ያኔ ዶላር 22 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ግብር የሚጀምረው 500 ዶላር አካባቢ ከሚያገኝ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ደህና ደሞዝ ነው። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ደረጃዎቹ ሳይነቃነቁ ቆሙ። ብር ወረደ፣ ዋጋ ወጣ፣ ደሞዝም ትንሽ ትንሽ ተጨመረ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ያው 10,900 ብር ወደ 80 ዶላር ወርዶ ነበር። አንድም አዲስ አዋጅ ሳይወጣ የሀብታም የነበረው የግብር ደረጃ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደረሰ። ሰው ደሞዝ ሲጨመርለት ጭማሪው ወደ ላይኛው የግብር ደረጃ ይገባል። በወረቀት አደገ፤ በገበያ ግን ባለበት ቆመ ወይም ወረደ። ይህን ያህል ትልቅ የግብር ጭማሪ ሰልፍ ሳይወጣበት፣ ፓርላማም ሳይከራከርበት አለፈ።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ አዋጁ ተሻሻለ። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ወጣ። ከፍተኛው ደረጃ ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝም ተጨመረ። አዲስ የሚቀጠር ባለ ዲግሪ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ገባ። ዝቅተኛው ደሞዝ 6,000 ብር ሆነ። ጭማሪው ቀላል አይደለም። መካድም አያስፈልግም።

ግን 11,500 ብሩን እስከ ቤት እንከተለው። በአዲሱ አዋጅ ግብሩ 2,100 ብር ነው። ሰባት በመቶ ጡረታ፣ 805 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር። መሃል ከተማ ሽንት ቤቱ የጋራ የሆነ አንድ ክፍል ለመከራየት የዚህን ግማሽ የሚጠይቅ አከራይ ብርቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና አከራይ እንዳሻው እንዳይጨምር ይላል። የገባሁበትን ቤት ዋጋ ሊያስቆምልኝ ይችላል። ገና የምፈልገውን ቤት ግን ርካሽ አያደርገውም። ቀሪው ለምግብ፣ ለታክሲ፣ ለስልክ ካርድ፣ ገጠር ላሉት እናት። ለዚህ ነው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ጠዋት ከፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የሚወርደው ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃ የያዘው። ቢሮ ውስጥ ሰባት ሰዓት ላይ የሽሮ ሽታ ይነግሣል። ሁለት ሰው ምግብ ቤት ገብቶ አንድ በያይነት አዝዞ እንጀራ ማስጨመር ነውር መሆኑ ቀርቷል።

ከመንግሥት ውጭ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ጭማሪ የሚያውጅለት የለም። አስተናጋጇ፣ ጥበቃው፣ የሱፐርማርኬት ካሸሯ። አገሪቱ ለግል ተቀጣሪ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የላትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይህን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በየዓመቱ ይህንኑ ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. ሜይ ዴይን በሰልፍ አክብሮ የኑሮ ውድነቱን ጥያቄ ሊያሰማ አስቦ ሰልፉ ሳይካሄድ ቀረ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ለደሞዝና ለጥቅማ ጥቅም ብለው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩ ነበሩ። ብሶቱ አድራሻ ባገኘባቸው ጥቂት ጊዜያት የሆነው ይህ ነው። ረዳቱን መሳደብ ለምን እንደሚቀል እንግዲህ ይገባችኋል።

ካዛንቺስ ነበርኩ

ስለ ኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ስታወሩ አንድ ዓይነት መልስ አትጠብቁ። ያው ሰው ራሱ ሁለት መልስ አለው። ማታ ማታ ፒያሳና አራት ኪሎ በመብራቱ ሥር በቤተሰብ ይንሸራሸራል። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ፎቶ ይነሣል። እግረኛ መንገድ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ለዓመታት ከመኪና ጋር እየተጋፋን ነው የኖርነው። በዚያው አፉ "ሰፈሬ እኮ አልቋል" ይላል።

ሥራው በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። ከተነሡት ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ቤት የተሰጣቸው አሉ። አንዳንዱም ከለቀቀው የተሻለ ቤት ነው፤ የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ማድቤት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ካዛንቺስ ውስጥ የነበሩት አንዳንድ የቀበሌ ቤቶች ለሰው የሚሆኑ አልነበሩም።

የጠፋው ነገር ግን ግድግዳው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ብዙ ድሃ ቤተሰብ መሃል ከተማ በጥቂት ብር ኪራይ ኖረ። ይህ ማንም "ድጎማ" ብሎ ያልመዘገበው ድጎማ ነበር። ለታክሲ አይከፈልም። ኪራይ ደሞዝ አይበላም። ጠዋት እንጀራ ጋግራ ለቢሮዎች የምታቀርብ ሴት ደንበኛዋ በእግር አምስት ደቂቃ ላይ ነው። ልጇ ሲታመም ጎረቤት አለ። ዕድሩ እዚያው፣ ዕቁቡ እዚያው። ገላን ጉራ ስትሄድ ምጣዷን ይዛ ሄደች፤ ደንበኞቿን ግን ይዛ መሄድ አትችልም። በቀን ሁለቴ ለትራንስፖርት የምታወጣው ብር በካሳዋ ስሌት ውስጥ አልገባም። ዕድሩ ተበትኗል። አንዳንዱ አሁንም ለቀብር ከከተማው ዳር እስከ ዳር እየተጠራራ ይገናኛል።

ለአትክልትም እንዲሁ ነው። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። የትራፊክ መጨናነቁን አቃልሏል። ጉልት ላይ የምትሸጠዋ እናት ግን አሁን ሽንኩርቷን ከከተማው ጫፍ ነው የምታመጣው። የጭነቱ ዋጋ ሽንኩርቱ ላይ ይወጣል። ገዢ ደግሞ "አንቺም ብለሽ ብለሽ?" ይላታል።

ማን ጋ ይኬዳል?

አዲስ አበባ ሰው ወሬ ሲጀምር "እኔ እንኳ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም" ይላል። ከዚያ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራል። ስለ ቲማቲም ለማውራት ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ?

ከተማዋ ድምፅ መስጠት የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ሌሊት ወጥቶ ተሰለፈ። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫ በሙሉ ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ እስር፣ ሞት፣ የባለአደራ አስተዳደር። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም። በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። ብዙ ሰው ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ ካርድ የሽንኩርት ዋጋ አይቀይርም።

ፓርላማው ይቅር እንበል፣ ሩቅ ነው። ተራው ሰው መንግሥትን የሚያገኘው ወረዳ ላይ ነው። መታወቂያ፣ የቤት ጉዳይ፣ የንግድ ፈቃድ፣ "ሲስተም የለም" የሚባለውም እዚያው ነው። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2005 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ አሁን መምረጥ በሚችልበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን የወረዳው ምክር ቤት ሲመረጥ አላየም።

በምትኩ ስብሰባ አለ። ነዋሪ ይጠራል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ሻይና ቆሎ ይዞራል። አንድ አዛውንት ተነሥተው ስለ ዘይት ይጠይቃሉ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ማስታወሻ ይይዛል። "ጥሩ ጥያቄ ነው አባቴ" ይላል። ከዚያ ስለ እሁድ ገበያና ስለ ሸማቾች ማኅበር ያብራራል። ምን ያድርግ? የምንዛሪ ውሳኔ እሱ ጋ አይደለም። የግብር ደረጃውም፣ የመብራት ታሪፉም እሱ ጋ አይደሉም። ዶላሩ ከእሱም አቅም በላይ ነው። እሱም በበኩሉ ደሞዝተኛ ነው፤ ምናልባትም ጠዋት ከዚያው ፐብሊክ ሰርቪስ የወረደ።

እንደኔ እንደኔ ከ"ኑሮ ተወደደ" ይልቅ ባለቤት ያላቸውን ጥያቄዎች መያዝ ይሻላል። "ዋጋ ይቀንስ" ለማንም የማይቀርብ አቤቱታ ነው። "የግብር ደረጃው በየዓመቱ ከንረት ጋር ይስተካከል" ግን ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለፓርላማ ይቀርባል። አዲሱም ደረጃ እንደ አሮጌው ዘጠኝ ዓመት ከቆመ የዛሬው 14,000 ብር የት እንደሚደርስ ከላይ አይተናል። "የደሞዝ ቦርዱ የት ደረሰ?" ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ አዋጁ ደንቡን የሚያወጣው እሱ ነው ይላል። "የተነሺ ካሳ ሲሰላ የጠፋ ደንበኛና የትራንስፖርት ወጪ ይቆጠር" ለከተማው ምክር ቤት ይቀርባል። የወረዳ ምርጫ መቼ ነው የሚለው ደግሞ ለምርጫ ቦርድ። ቅስቀሳ በመጣ ቁጥር ደጃችን ለሚደርሰው ተወዳዳሪ እነዚህን ማንበብ አይከብድም። የማይመልስ ካለም ስሙ ይታወቃል፤ ፖስተሩ ላይ ተጽፏል።